በጎመን የተጻፈ ስልክ ቁጥር

የካቲት 27

ስተኩስ ዋልኩ። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የተይታ ሸሚዞች... ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ የትም አትሄድም፣ ያልተተኮሰ ግን አትለብስም። የልጅ ልጆቿ ተይታ ይሏታል፣ እኔም ተይታ እላታለሁ። ዐረብ አገር አሠሪ ሁሉ ማዳም ነው የሚባለው፤ እሷን ማዳም ካልኳት ግን ትቆጣለች።

ስልኬን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስደግፌ የቴክኖሎጂ ዜና ስሰማ ነበር። ሦስት ቦታ የሚታጠፍ ስልክ ወጣ አሉ። ለምን? እኔ አንሶላ ማጠፍ ሰልችቶኛል፣ እነሱ ስልክ ያጥፋሉ። ተይታ እንደ ልማዷ ምን አለ ብላ ጠየቀች፤ ተረጎምኩላት። ስልክ ሲሸጡ ቻርጀር መጨመር እንዳቆሙም ነገርኳት። ተናደደች። ሟች ባሏ ሐምራ በሚባለው ገበያ አርባ ዓመት የስፌት መኪና ሸጧል፤ የዓለም ነጋዴ ሁሉ የሚለካው በሱ ነው። መርፌ የሌለው መኪና ሸጦ ቢሆን ኖሮ ቤት አላስገባውም ነበር አለች።

ባለፈው ልጇ ይህን ባለ ሽቦውን የቤት ስልክ እናስቆርጠው ሲላት በዚሁ ፊቷ ነው እምቢ ያለችው። ማንም አይደውልበትም እኮ... አቧራውን በየሳምንቱ የምጠርገው እኔ ነኝ።

ተሲያት ላይ ሁለታችንም እርሻችን ገባን። ጨዋታው ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አለው፤ እኛ "እርሻው" ነው የምንለው። መሬት ይሰጡሻል፣ ጎመን ትተክያለሽ፣ ላም ታልቢያለሽ፣ የጎረቤት እርሻ ሄደሽ ታያለሽ። ለተይታ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን በሁለት ላም ትበልጠኛለች፣ ይህንንም በየቀኑ ትነግረኛለች።

ጓደኛችን ሰገነት ሽንኩርቴ ላይ የልብ ምልክት አድርጋልኛለች። ደህና ናት ማለት ነው።

የካቲት 30

እሁድ። ናባዓ ሰፈር፣ ጓደኛዬ እመቤት ክፍል ዋልኩ። ሩሃማም ከአዳራሽ በቀጥታ መጣች። እመቤት ውጭ አዳሪ ናት፣ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፣ ምካሌስ ሰፈር መጋዘን ታጸዳለች። ሩሃማ እንደኔ ሰው ቤት ናት። እሷ ጴንጤ፣ እኛ ኦርቶዶክስ... ዛሬም ስለ ጾም ተከራከርን፣ ከዚያ ምስሩን አብረን በላን።

ስለ ሰገነት ማውራታችን አይቀርም። አራተኛችን ነበረች። እዚህ በነበረው ጦርነት ቦምቡ ሲበዛ አሠሪዎቿ ሸያሕ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ዘግተው ይዘዋት ወጡ። ስልኳ በግርግሩ ጠፋ፣ የኛም ቁጥር አብሮ። ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። ሁለት ወር ሙሉ ምን ሆና ይሆን እያልን ስናለቅስ ቆይተን፣ አንድ ቀን እርሻዋ ላይ አዲስ ሽንኩርት በቅሎ አየን። እመቤት ስልኩን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሰገነት የምትጫወተው በአሠሪዎቿ ትንሽ ልጅ ታብሌት ነው። የልጅ ተብሎ ስለተመዘገበ መጻፍም መደወልም አይፈቅድም። ልብ ማድረግና ስጦታ መላክ ብቻ። ስለዚህ በሕይወት መኖሯን የምናውቀው በሽንኩርት ነው።

ማኅበራችንንም እዚያ አዛወርነው። በየወሩ ሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን። ጨዋታው ውስጥ አንድ የወርቅ ማሰሮ አለ፣ እሱን ጽዋ አደረግነው። ባለተራዋ እርሻ እንሰበሰባለን፣ በሯ ላይ ለሁላችን ዳቦ ታወጣለች፣ ከዚያ ማሰሮውን ለምትቀጥለው ትሰጣለች። ተራው፦ እመቤት፣ እኔ፣ ሩሃማ፣ ተይታ፣ ሰገነት። አዎ፣ ሩሃማም። ጽዋ አልጠጣም፣ ጎረቤት ግን እጠይቃለሁ ብላ ገባች። ተይታ ደግሞ ሙስሊም ናት፤ መርየም የኛም ናት ብላ ተራ እስክንሰጣት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። የየካቲቱን እሷ አወጣች። የመጋቢቱ የሰገነት ነው።

መጋቢት 3

እርሻው ሊዘጋ ነው።

ጠዋት ስከፍተው ደብዳቤ ብቅ አለ። በአማርኛ። "ውድ ገበሬ፣ አብረኸን ስለተጓዝክ እናመሰግናለን። አገልግሎታችን መጋቢት 30 ይቋረጣል። በአዲስ ተሞክሮ እንገናኛለን።" ማሽን ነው የተረጎመው፣ ያስታውቃል። ወንድ አደረጉኝ፣ አመሰገኑኝ፣ አባረሩኝ።

ዜናውን ፈልጌ ሰማሁ። ጨዋታውን የሠራው ትንሽ ድርጅት ነበር፤ አንድ ትልቅ ድርጅት ገዛው፤ ከገዛው ዓመት አልሞላውም። አሁን "ትኩረታችንን ወደ ሌላ እያዞርን ነው" ይላል። ከዘጋኸው ለምን ገዛኸው? ደስ ብሏቸው የሚጫወቱትን ሰዎችስ ወዴት እያዞርካቸው ነው?

ተይታም ለሷ በዐረብኛ መጥቶላት አንብባዋለች። ባሌ የሸጠውን መኪና ሰው ቤት ገብቶ አውጥቶ አያውቅም አለች። ከዚያ ላሞቿን ስታይ ቆየች።

ላሞቹ ይቅሩ። ሰገነትስ? እርሻው ሲዘጋ እሷም አብራ ትዘጋለች።

መጋቢት 5

ለድርጅቱ ጻፍኩ። ሩሃማ በእንግሊዝኛ አስተካከለችልኝ። ጓደኛችን ያለችው እዚያ ብቻ ነው፣ እባካችሁ አንድ መልእክት አድርሱልን አልን። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ። ስሜትህን እንረዳለን፣ ላምህ ካልታለበች ጨዋታውን ዘግተህ እንደገና ክፈት ይላል።

ሮቦት ነው። ሰው ቢሆን ደግሞ ይብስብኝ ነበር።

መጋቢት 8

እስካሁን የጨዋታውን አልማዝ በእውነተኛ ገንዘብ እየሸጡ ነው! ሊዘጋ ሦስት ሳምንት በቀረው እርሻ ላይ በቅናሽ ግዢ ይላሉ። እፍረት የሚባል ነገር አልተጫነላቸውም።

ቴክኖሎጂ ግን አልጠላም። እናቴን ፊቷን የማየው በሱ ነው። ተይታም ጎመን መትከል ከጀመረች ወዲህ ከሰዓት በኋላ አታለቅስም። የሚያናድደኝ... ነገሩን የሠሩት እነሱ ናቸው፣ እሺ። ውስጡ ያለውን ግን እኛ ነን የሠራነው። ጽዋውን እነሱ አላመጡትም። ሲዘጉት የኛንም ይዘው እንደሚሄዱ አያውቁም፣ ቢያውቁስ?

መጋቢት 12

ተይታ፣ የኔ ብልህ ተይታ!

ተሲያት ላይ ባዶ መሬቴን እያየሁ ተክዤ ተቀምጫለሁ። መነጽሯን አውልቃ፣ መልሳ አድርጋ፣ ስልኬን ከእጄ ወሰደች። በጣቷ ካሬዎቹን ቆጠረች። "ያኒ ይሄ ካናቫ ነው" አለችኝ። ካናቫ ያ ጥልፍ የምትጠልፍበት ባለ ቀዳዳው ጨርቅ ነው፤ የሳሎኑ ትራስ ሁሉ በሱ የተሠራ ነው። ካሬ ሞልተሽ፣ ካሬ ዘለሽ ጽጌረዳ ይወጣል፣ ስም ይወጣል። ቁጥርም ይወጣል።

ቁጥሬን በጎመን እጽፍላታለሁ! ሰገነት መጥታ ታየዋለች። አጥንታ ከየትም ከየትም ትደውላለች። አምስት ወር ሙሉ እንዴት አላሰብነውም?

መሬቴ የሚይዘው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። የስልክ ቁጥሬ ደግሞ ስምንት አሃዝ ነው። ጎመን ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ እስኪደርስ ድረስ አፈሩ አንድ ዓይነት ነው፣ አይነበብም። ስለዚህ ሁለት ሁለት እያልኩ አራት ጊዜ እተክላለሁ። እስከ መጋቢት 30 ጊዜ አለን።

መጋቢት 15

ላሜ የሰባት ቁጥሩን አናት በላችው። አንድ መሰለ። ተይታ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች፤ የሷ ላሞች በአጥር ውስጥ ናቸዋ። እንደገና እጀምራለሁ። ጊዜ አለ።

መጋቢት 18



ረመዳን ሊያልቅ ነው፣ ተይታ የዒድ እንግዶቿን ስትቆጥር ነበር። ሐኪም አትጹሚ ብሏታል፤ እሷ እሱን እሺ ትለውና ትጾማለች። እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ሁለታችንም ርቦን እየተነጫነጭን ነው። ድንገት እንዲህ አለች፦

"ዒድና የእርሻው መዘጊያ አንድ ቀን ዋሉ። ሐራም፣ ያሳዝናል።"

"አይደለም ተይታ፣ ዒድ እሁድ ነው። እርሻው የሚዘጋው መጋቢት ሠላሳ።"

"እሁድ ነው ሠላሳ፣ ሐቢብቲ።"

ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ። የሷ ደብዳቤ በዐረብኛ አዛር 30 ይላል። የፈረንጅ ማርች። ያ ማሽን ማርችን መጋቢት ብሎ ተረጎመውና ሠላሳውን እንዳለ ተወው! እኔም፣ እመቤትም፣ ሩሃማም አንዳችንም አልጠረጠርንም። ስድስት ዓመት በፈረንጅ ቀን ሥራ እየሠራሁ፣ በአማርኛ ሲጻፍልኝ ጊዜ በሀገሬ ቆጠርኩት።

ማርች 30 የኛ መጋቢት 21 ነው። የማርያም ዕለት። የሰገነት ተራ። የቀረን ሦስት ቀን።

ዛሬ የተተከለ ጎመን ሃያ ይደርሳል። አራት ጊዜ መትከል ቀረ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት ቁጥር ምን ይሠራል?

(በኋላ የተጨመረ) እመቤት ጋ ደወልኩ። በዚያ ስሌትሽ አንቺን ነው የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረግንሽ ብላ ሰደበችኝ፣ ከዚያ ራሷ ፈታችው። አራት እርሻ አለን፤ በአንዱ ሁለት፣ በአራቱ ስምንት። ሰገነት የቱ እንደሚቀድም እንዴት ታውቃለች አልኳት። "በጽዋው ተራ ነዋ" አለችኝ። እመቤት የመጀመሪያዎቹን፣ እኔ፣ ሩሃማ፣ መጨረሻ ተይታ። ተራውን ሰገነት በእንቅልፏም አትረሳውም።

ሁላችንም ተከልን። ተይታ ካሬዎቹን በወረቀት ላይ ነድፋ፣ እንደ ጥልፍ አድርጋ። ላሜን አሰርኳት።

መጋቢት 20

ጎመኑ ደረሰ። ጥርት ብሎ ይነበባል። የተይታ ሰባት ቁጥር እንዲያውም ጌጥ አለው።

ሰገነት ዛሬ አልገባችም።

መጋቢት 21

ማርያም። እሁድ። ዒድ። ሁሉም አንድ ላይ።

የሚዘጋው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ በእንግዳ ሞላ። ማዓሙል የሚባለውን የዒድ ብስኩት አቀርባለሁ፣ ብርጭቆ እሰበስባለሁ፣ በየመሐሉ ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልክ አያለሁ። የለችም። ሰባት ሰዓት፣ የለችም። ስምንት፣ የለችም። ተይታ ሳሎኑ መሐል ተቀምጣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ልጇ ዛሬ እንኳ ተይው ሲላት እኔም የምጠይቀው ሰው አለኝ ብላ መለሰችለት። ከዚያ ጠራችኝና ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ትሪ እንደያዝኩ፣ በእንግዳ ፊት።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጣች።

መጀመሪያ የራሷን ተራ አወጣች። በሯ ላይ አምስት ዳቦ ደረደረች። ከዚያ ስጦታ መዝነብ ጀመረ... ሽንኩርቷን፣ እንቁላሏን፣ ወተቷን፣ ጎተራዋን አራግፋ ላከችልን። ከሩብ ሰዓት በኋላ የማይኖር ወተት። እኔ ግን ተይው፣ ወተቱን ተይው፣ ነይ ጎመኑን እዪ እያልኩ በአማርኛ አወራለሁ፤ የተይታ ልጅ ያየኛል።

እመቤት እርሻ ላይ ልብ በራ። አየችው! ትንሽ ቆይቶ የኔ ላይ። ትንሽ ቆይቶ ሩሃማ ላይ። በየአንዳንዱ ረጅም ጊዜ ትቆያለች፤ እያጠናች ነው። ተይታ እጄን ይዛለች። "ያላ፣ ያላ ቢንቲ፣ ወደኔ ነይ..."

ስክሪኑ ነጭ ሆነ። "ስለነበረን ቆይታ እናመሰግናለን።"

ሁለት ቁጥር ቀራት።

መጋቢት 22

ተይታ የዒድ ማዓሙሏን አልነካችም። የኔን መጨረሻ ባታደርጉት ኖሮ ትላለች። ጥፋቱ የሷ ይመስል። እቅፍ አደረግኳት፤ ከማቀፍ ሌላ ምን አውቃለሁ? እወዳታለሁ። ለራሴም ጽፌው አላውቅም ነበር።

መጋቢት 26

የቴክኖሎጂ ዜና አልሰማሁም። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ነው የተኮስኩት።

መጋቢት 30

በኔ ስሌት ዛሬ ነበር የሚዘጋው።

ሰባት ሰዓት ላይ ድስት እያጠብኩ ስልኬ ጠራ። በ05 የሚጀምር፣ የማላውቀው፣ የቤት ስልክ። ማስታወቂያ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ተይታ አንሺው አለችኝ። አነሣሁት። የሰው ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ በዐረብኛ፣ እንዳጠናችው ሁሉ፣ ይቅርታ፣ መቅደላዊት የምትባል ኢትዮጵያዊት አለች ወይ?

"ሰገነት?"

ድምፄን አወቀችው። ከዚያ፦

"አርባ ስምንተኛዋ ነሽ" አለችኝ።

አልገባኝም። እያለቀሰች፣ እየሳቀች አስረዳችኝ። በጽዋው ተራ አንብባ ስድስቱን ይዛለች። የተይታን ሳታይ ተዘጋባት። የቀሩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ከዜሮ ዜሮ እስከ ዘጠና ዘጠኝ መቶ ሰው ቢሆን ነው ብላ አሰበች። ዓሌይ ነው ያሉት፣ ተራራው ላይ፣ አሮጌ የቤተሰብ ቤት። ኮሪደሩ ላይ ማንም የማይነካው ባለ ሽቦ ስልክ አለ። ትንሿ ልጅ ተሲያት ስትተኛ ዜሮ ዜሮ ብላ ጀመረች። በቀን አምስት፣ ስድስት ሰው። ከዚያ በላይ ድፍረት አልነበራትም። አንዱ ሰደባት። አንዱ የትዳር ጥያቄ አቀረበላት። አንዲት አሮጊት ካገኘሻት ደውለሽ ንገሪኝ ብላታለች፤ ዛሬ ትደውልላታለች።

የኔ ቁጥር መጨረሻው አርባ ሰባት ነው።

ደህና ነሽ ወይ፣ ይመቱሻል ወይ፣ ትበያለሽ ወይ አልኳት። ማዳሜ ክፉ አይደለችም፣ ፈሪ ናት አለችኝ። ከጦርነቱ ወዲህ ልጇንም እሷንም ከበር አታስወጣም። የሚያስፈራው ሁሉ ውጭ ያለ ይመስላታል።

ተይታ ይህን ስተረጉምላት ስልኩን ተቀበለችኝ። "ኸላስ፣ አታልቅሺ። ማዳምሽን ጥሪልኝ።" ከዚያ የባሏን ደንበኞች የምታናግርበትን ድምፅዋን አወጣች፤ ቦንዡር፣ ሳ ቫ፣ እኔ የቨርደን ሰፈሯ እገሊት ነኝ... ስለ ተራራው አየር ጠየቀች፣ ስለ ልጅቷ ጤና ጠየቀች። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። መጨረሻ ላይ የሰማሁት ይህን ነው፦

"እኔም ፈርቻለሁ ማዳም። መቅዲ እሁድ እሁድ ስትወጣ እስክትመለስ መስኮት ላይ ነኝ። ግን ትመለሳለች።"

ስልኩን ስትዘጋ ወደ አሮጌው የቤት ስልኳ እያየች፣ አስቆርጪው ላለኝ ልጄ ይህን ንገሪልኝ አለች።

ሚያዝያ 26

እሁድ። ሃያ አንድ ማክሰኞ ስለዋለ ወደ ዛሬ አሻገርነው። የእመቤት ተራ፣ ናባዓ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም።

ሰገነት ደረጃውን ስትወጣ ከላይ ሆነን አየናት። ከስታለች። ትንሿን ልጅ ይዛለች፤ ማዳሟ ታች መኪና ውስጥ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ብቻ ብላለች። እመቤት በነጠላ ጫማ ወርዳ ማዳሟን እጇን ይዛ አመጣቻት። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጠች፣ ዶሮውን ሁለቴ በላች።

ከመውጣቴ በፊት ተይታ ከቁምሳጥኗ የናስ ማሰሮ አውጥታ ሰጥታኝ ነበር። የእናቷ ነበር። የወርቁን ከወሰዱብን ይሄ አለን አለች። እመቤት ወይን ጭማቂ ሞላችበት፣ ጸሎት አደረሰች፣ ዞረ። ሩሃማ ጋ ሲደርስ ሁላችንም አየናት። ጭማቂ ነው አለችና ጠጣች። ሰገነት ማሰሮውን ይዛ ቆየች፤ ከብዶኛል ብላ አለቀሰች፤ ያኛው ክብደት አልነበረውም።

ዜና ላይ ያ ድርጅት አዲስ እርሻ አወጣ አሉ። ከበፊቱ ያማረ፣ ላሞቹ የሚያወሩ። ትንሿ ልጅ ጫኑልኝ ትላለች። እኔም ልጭነው ይሆናል፣ ለምን እዋሻለሁ? የአምስታችንንም ቁጥር ግን ዛሬ በእስክሪብቶ፣ በወረቀት ጽፈን ተለዋወጥን። የኔን ሰገነት አልተቀበለችም። በቃሏ ወጣችው።

ቤት ስደርስ ተይታ መስኮት ላይ ነበረች። ማሰሮውን እጄ ላይ ስታይ ፊቷ ጠቆረ፤ አልተቀበሉሽም እንዴ አለችኝ። ተይታ፣ የሚቀጥለው ተራ የኔ ነው፣ ማሰሮው ባለተራዋ ቤት ነው የሚያድረው አልኳት። ቤቴ ደግሞ ይሄው ነው። ማሰሮውን ተቀበለችኝ። ሰገነት እዚህ ትመጣለች ማለት ነው? ትመጣለች፣ ማዳሟም። መቼ? ግንቦት ሃያ አንድ።

"በናንተ ነው በኛ?"

በኛ ነው፣ በናንተ ማይ 29 አልኳት። ሁለቱንም በካላንደሩ ላይ አጻፈችኝ፣ በትልቁ። ገና ሃያ አምስት ቀን ይቀረዋል። ሸሚዟን ዛሬ አስተኮሰችኝ።